መስመሩ ሲመለስ ማን ይቅደም

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ አንዲት መስኮት አልባ ክፍል አለች። የማጠቢያው ማሽን መዞር ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ የሆስፒታሉን ኔትወርክ የሚጠብቀውን ሰው ሐኪሞቹ «ጠጋኙ» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ገመድ ተበጠሰ፣ ጠጋኙ። ማተሚያው አኮረፈ፣ ጠጋኙ። አንዱ ስፔሻሊስት ኮምፒውተሩ ላይ ሻይ ደፋ፣ መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» ይልና ቀጥሎ፣ ጠጋኙ። ዕድሜው አርባ ስድስት ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ አናቱ ላይ ተሸሽጓል፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል። የሰውን ሁሉ ሲጠግን ለራሱ አልደረሰም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንዲት ነርስ ወደዚህች ክፍል ወረደች። የመጣችው ከሩቅ ጤና ጣቢያ ነው፣ አራት ሰዓት በአውቶቡስ። እሷ ጋ ምጥ የያዛት ሴት ስትገባ የእናቲቱ የደም ግፊትና የሕፃኑ የልብ ምት በየአምስት ደቂቃው በመስመር ወደ ሆስፒታሉ ይላካል፤ እዚህ ያለው ሐኪም ቁጥሩን አይቶ ምን እንደሚደረግ ይነግራታል። መላኩስ ይላካል፤ መስመሩ ግን ደካማ ነው፤ በየመሐሉ ይቆረጣል። በተቆረጠ ቁጥር ደግሞ መላኩ ሀ ብሎ እንደገና ይጀምራል።

ጠጋኙ ወንበር አቀረበላት። አልተቀመጠችም።

«ስማ ወንድሜ» አለችው። «ያንተ ማሽን ከመጀመሪያው መጀመር ይችላል። ሴትየዋ ግን አትችልም። ማክሰኞ ዕለት አንዷ እጄ ላይ ሞተች። ግማሹ ቁጥር እናንተ ጋ ደርሷል፣ ግማሹ እኔ ጋ ቀርቷል።»

 መልስ ፈልጋ አልመጣችም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ተመልሳ ወጣች። ጠጋኙ ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓቱና በየእሑዱ አንድ ፕሮግራም ጻፈ። መስመሩ ሲቆረጥ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ አያውቅም። መጀመሪያ የተከለው ነርሷ ጋ ነበር፤ ሲስተር ይላታል። ያን ቀን በስልክ «ደረሰ?» አለችው፣ «ደረሰ» አላት፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስልኩን መዝጋት ረስተው ቆዩ።

ፕሮግራሙንም ከነኮዱ ኢንተርኔት ላይ ዘረጋው። የፈለገ ይውሰድ፣ የፈለገ ገልጦ ይይ፣ ስህተት ያገኘ ያርም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህ ነው። ወሰዱታ። የሕክምና መሣሪያ የሚሠሩት ወሰዱት፣ የውሃ ቆጣሪ የሚሠሩት ወሰዱት፣ እሱ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ኩባንያዎች ሁሉ ወሰዱት። ያመሰገነው በጣት ይቆጠራል። የሚጽፉለት አንድ ነገር ሲበላሽ ነው፤ ያውም «እስካሁን ለምን አልታረመም?» እያሉ፣ ልክ ቅጥረኛቸው ይመስል። እሱም ያርማል። እኔ ብሆን ኖሮ የምመልስላቸውን አውቃለሁ፤ እሱ ግን «ይቅርታ፣ ነገ ይደርሳል» ብሎ ነው የሚጽፈው።

አሁን ወደ አንድ ወረቀት እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ኢንተርኔት አለቃ የለውም። አንዱ ማሽን ከሌላው የሚግባባው ሰዎች ተሰብስበው «እንዲህ አድርገን እንነጋገር» ብለው በጽሑፍ ስለተስማሙ ነው። ያንን ጽሑፍ ስታንዳርድ ይሉታል። ኮድ ብቻውን የጻፈው ሰው ምስጢር ነው፤ ወረቀት ብቻውን ደግሞ ምኞት። ስለዚህ በዚህ ስብሰባ ውስጥ አንድ የቆየ ሕግ አለ፦ ወረቀቱ እንዲጸድቅ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሁለት ፕሮግራም ይሠራሉ። ከወረቀቱ በቀር ሌላ አያዩም። አንዱ የሌላውን ኮድ አይገልጥም፣ አንዱ ሌላውን በጓዳ አይጠይቅም። ፕሮግራሞቹ ከተግባቡ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ካልተግባቡ ቀዳዳ አለው።

ጠጋኙ ወረቀት ወዳድ ሰው አልነበረም። ያስገደደው ለሆስፒታሉና ለጤና ጣቢያዎቹ መስመር የሚያቀርበው ኩባንያ ነው። ኩባንያው «ለደኅንነት ሲባል በጸደቀ ስታንዳርድ የማይሠራ ነገር በመስመሬ አያልፍም» ብሎ ቀን ቆረጠ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ቀኑ ሲደርስ ወረቀቱ ካልጸደቀ ፕሮግራሙን የሚጠቀሙ አርባ አንድ ጤና ጣቢያዎች፣ የሲስተርም ጭምር፣ ድምፃቸው ይጠፋል። ስለዚህ ተቀምጦ ረቂቁን ጻፈ። ሦስት ዓመት ተከራከረ። በዚያ ሰፈር ረቂቅ ዕድሜው ስድስት ወር ነው፤ ካልታደሰ ይሞታል። አምስት ጊዜ ሊሞት ሲል አዳነው።

የቀረው ሁለተኛው ፕሮግራም ነበር። የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓመት ለመነ። «ያንተው እያለ ምን አደከመን?» አሉት። እውነታቸውን ነው። በነጻ መስጠቱ ጠላት ሆነበት፤ ሁሉም የእሱኑ ቀዳ፣ የተቀዳ ደግሞ ሁለተኛ አይባልም።

በመጨረሻ «እኔ እጽፈዋለሁ» ያለችው ታናሽ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ዛሬ ሠላሳ ሞልቷት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ሆናለች፤ ተማሪዎቿ በኮሪደር ስታልፍ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እሱ ግን አሁንም «ሚጣ» ይላታል። ኮድ መጻፍ በራሷ ጊዜ ተምራለች፤ የእሱን ኮድ ግን አንድም ቀን ገልጣ አታውቅም። «ያንተን ኮድ ከማነብ ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል» ትለው ነበር። ያ ስድብ አሁን የብቃት ማረጋገጫ ሆነላት።

ለስብሰባው ሰብሳቢ እውነቱን ጻፉ፦ ወንድምና እህት ነን፣ የምንኖረው አንድ ቤት ነው። ሰብሳቢው በአንድ ሁኔታ ተስማማ፦ ጥያቄ ያላት እንደሆነ ሁሉም በሚያነበው ኢሜይል ትጠይቅ፤ መልሱም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሚጣ የፍሪጁ በር ላይ «ስለ ሥራ ማውራት በሕግ ያስቀጣል» ብላ ለጠፈች። ከዚያ የነበረው ኑሮ ለተመልካች ያስቃል። እሷ ከመኝታ ቤቷ «የተከበሩ አዘጋጅ ሆይ፣ የክፍል አራት ሦስተኛው አንቀጽ ግልጽ አልሆነልኝም» ብላ ትጽፋለች። እሱ ከግድግዳው ወዲያ «ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሁለቱም ለምሳ ወጥተው ስለ አየሩ ያወራሉ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ጠጋኙ ሳህን ያጥባል። ሚጣ ሦስት ቀን ጉንፋን ጥሏት ገና መነሳቷ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ብርድ ልብሱን እንደ ነጠላ ተከናንባለች። ረቂቁ ሊሞት አራት ቀን ቀርቶታል። የወጥ ቤቱን በር ተደገፈችና፣

«ጋሼ፣ መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው?» አለች።

«ተቀባዩ» አላት፣ እጁ አረፋ ውስጥ እንዳለ።

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«አልሰማሁም» አለች።

«አልተናገርኩም» አለ።

ሳቁ። ሳቋ ሳል ሆኖባት ውሃ ቀዳላት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። ጠጋኙ እጁን አድርቆ ወረቀቱን ከፈተ። ስልሳ ሁለት ገጽ ገለበጠ። መስመሩ ሲመለስ ማን ቀድሞ እንደሚናገር የሚል አንድ ቃል የለም። አሥራ አንድ ዓመት ጭንቅላቱ ውስጥ ስለኖረ የተጻፈ መስሎት ነበር። አንዲት መስመር ብቻ ናት የምትጎድለው። ግን አዲስ ነገር ከተጨመረ ለሁለት ሳምንት አስተያየት ይከፈታል፤ ረቂቁ ደግሞ በአራት ቀን ይሞታል። ከሞተ ወረፋው ከመጨረሻ ነው። «በኋላ እጨምራታለሁ» ብሎ ረቂቁን እንዳለ አሳደሰው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ይህ ሰው ሁለቱም ደርሶበታል።

በኋላ የተባለው ጊዜ አልመጣም። የፈተናው ቀን መጣ። ሦስት መቶ ጊዜ መስመሩን ቆረጡት፣ ሦስት መቶ ጊዜ የእሱና የሚጣ ፕሮግራሞች ካቆሙበት ቀጠሉ። ሰብሳቢው ለሁሉም በተላከ ኢሜይል «እንዲህ የጠራ ፈተና አይቼ አላውቅም» ብሎ አደነቀ። ከዚያ ወዲያ መስመሯን መጨመር ጥፋትን መናዘዝ ሆነ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዝም አለ። ሚጣም ነገሩን አላነሳችም።

ማጽደቂያው ስብሰባ ሦስት ቀን ሲቀረው ከማያውቀው ሰው ደብዳቤ ደረሰው።

«ወረቀታችሁን አንብቤ ለእኛ ከተማ ጤና ጣቢያዎች የራሴን ፕሮግራም ሠራሁ» ይላል። «ከእናንተ ጋር ሞከርኩት። መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ ጥሩ ነው። ሲመለስ ግን የእኔም የእናንተም ዝም ብለው ይጠባበቃሉ። አርባ ደቂቃ ቆጠርኩ። ደግነቱ ሙከራ ነበር። ወረቀቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ይሆን?»

ጠጋኙ የመጨረሻዋን ጥያቄ ማለፍ አቃተው። ሰውየው ራሱን ነው የጠረጠረው። ጠጋኙ መልስ ሊጽፍ ጀመረ፣ አጠፋው፤ ጀመረ፣ አጠፋው።  እውነቱን ከተናገረ ፈተናው ይፈርሳል፤ ወረቀቱን የሚያጸድቀው ቡድን የሥራ ዘመን የሚያበቃው በዚያው ስብሰባ ቀን ነው፣ የኩባንያው በር የሚዘጋው ደግሞ በቀጣዩ ሰኞ። ዝም ካለ ወረቀቱ ይጸድቃል፣ አርባ አንዱ ይተርፋሉ፤ ነገር ግን ወረቀቱን አምኖ የሚሠራ ሁሉ እንደዚያ ሰውዬ መስመሩ ሲመለስ ዝም የሚል ማሽን ይሠራል። ያኔ ሙከራ አይሆንም። ማረሚያ ይወጣል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ማረሚያ ለማውጣት ዓመት እንደሚፈጅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ወዲህ ቢል ሬሳ፣ ወዲያ ቢል ሬሳ። ዕድሜውን ሁሉ እንደነዚያ ሦስት ቀናት ፈርቶ አያውቅም።

ወደ መስመር ኩባንያው ደወለ። አንዱ ለሌላው አቀበለው፣ ሌላው ለሦስተኛው። ሦስተኛው በትሕትና «ስታንዳርዱ ሲጸድቅ ይደውሉልን» አለው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ለሚጣ ልንገራት ብሎ ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ደብዳቤው የደረሰው ለእሱ ብቻ መስሎታል።

ስብሰባው በየዓመቱ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ዘንድሮ እነሱ ከተማ ደርሶ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀመጡ። በዚያ ስብሰባ እጅ አይወጣም፣ ድምፅም አይቆጠርም። ሰብሳቢው ይጠይቃል፣ የተስማማ አፉን ዘግቶ «እምም» ይላል፤ የድምፁ ጉልበት ይሰማል እንጂ ማን እንዳለው አይታይም። ባለ ሥልጣኑም ጀማሪውም ጉሮሮው እኩል ነው በሚል ያመጡት ዘዴ ነው።

«ሁለቱ ፕሮግራሞች ከወረቀቱ ብቻ ተሠርተው ተግባብተዋል፤ ወረቀቱ ይጽደቅ የምትሉ» አለ ሰብሳቢው፣ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ እያወረደ።

አዳራሹ እምም አለ። ወንበሩ ሳይቀር ነዘረ። ጠጋኙም እምም አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«አይጽደቅ የምትሉ?»

 ሰብሳቢው ሊጽፍ ጎንበስ አለ። ያኔ ከጠጋኙ በስተግራ አንዲት ቀጭን «እምም» ተሰማች። አልተንቀጠቀጠችም፣ አላቋረጠችም፤ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ቆየች። ሰዉ ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረ። ጠጋኙ አልዞረም። መዞር አላስፈለገውም።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የራሱን ሥራ የሚቃወም ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

«እህቴ፣ ምናልባት ጥያቄው አልተሰማዎትም?» አለ ሰብሳቢው።

«ተሰምቶኛል።»

«እንግዲያው ምክንያትዎን ይንገሩን።»

ሚጣ ተማሪዎቿን ዝም በምታሰኝበት ድምፅ «ምክንያቱን እኔ ሳልሆን አዘጋጁ ይናገር» አለች። ወደ ወንድሟ አላየችም። 

ማይክሮፎኑ ያለው መተላለፊያው መሐል ነው። ጠጋኙ ተነስቶ ሄደ። 

«ጠይቃኝ ነበር» አለ። «ወጥ ቤት ውስጥ። መስመሩ ሲመለስ ማን ይናገራል ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ወረቀቱ ላይ የለም። እጨምራታለሁ ብዬ ሳልጨምር ቀረሁ። የተግባባነው በወረቀቱ አይደለም፣ በአፍ ነው። አንድ ሰው ወረቀቱን አምኖ ሠርቶ ማሽኑ ዝም ብሎበታል። ስህተቱ የእሱ አይደለም።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። ደግ ሰው ነው፤ መንገድ ሲፈልግ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። መንገድ አልነበረም። የቡድኑ ጊዜ ዛሬ ያበቃል፤ አዲስ ቡድን ተቋቁሞ፣ ሌላ ሰው ሌላ ፕሮግራም ጽፎ፣ ፈተናው እንደገና ተደርጎ፣ ቢፈጥን ዘጠኝ ወር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው የመስመር ኩባንያው ተወካይ ተነስቶ ማዘኑን ገለጸ፤ ከልቡም ያዘነ ይመስለኛል። በሩን የሚከፍተው ግን እሱ እንዳልሆነ ተናግሮ ተቀመጠ። ሰብሳቢው እንደገና ጠየቀ። በዚህኛው ዙር ይጽደቅ ያለ አልነበረም።

ኮሪደር ላይ ሚጣ ደረሰችበት።

«ደብዳቤው ላንቺም ደርሶሻል?» አላት።

«ለሁለታችንም ነው የጻፈው። አድራሻውን አላየህም?»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትናገራለህ ብዬ ነዋ። ጠዋት ቁርስ ላይ ትናገራለህ አልኩ። መንገድ ላይ ትናገራለህ አልኩ። አዳራሽ ውስጥ ይነሳል፣ እሱ ይነሳል እያልኩ...» እንባዋ መጣ። «አልሰማሁም ብዬ የሰማሁት እኮ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

እውነቷን እንደሆነ ያውቃል። ተናደደ ግን። ሰው እውነት ሲነገረው ነው የሚናደደው። «አርባ አንድ ጤና ጣቢያ ዘጋሽ» አላት። ከአፉ ሲወጣ ሐሰት እንደሆነ ገብቶታል፤ አልመለሰውም።  እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ብቻዋን ወደ ደረጃው ሄደች። 

ከሰዓት በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ተመልሶ ለሲስተር ደወለ። ጡረታ ለመውጣት ዓመት ቀርቷታል፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ሲስተር፣ አልሆነም።»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ። ከሰኞ ጀምሮ መስመሩ አያሳልፍዎትም። ቢፈጥን ዘጠኝ ወር ይላሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የማን ጥፋት እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«ታዲያ በምን ልላክ?»

«በስልክ ያንብቡላቸው።»

«ስልኩ ከዚያ ይብሳል፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

 ከኋላዋ አንዲት ሴት ስታቃስት ተሰማው። አንድ ሰው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል። ጠጋኙን ሲስተር ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ዛሬስ ይሠራል?» አለች ሲስተር።

«እስከ እሑድ ይሠራል።»

«እንግዲያው ስልኩን ዝጋው፣ ልጄ። አንዷን አስገብቻለሁ፣ ግፊቷ አላማረኝም። ልላክ።»

ዘጋው። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ። አንደኛው፣ ሁለተኛው። ሲስተር እውነቷን ነው፣ ግፊቱ አያምርም። ላይ ፎቅ ወዳለው ሐኪም ደውሎ «እያዩት ነው?» አለ፤ «እያየሁት ነው» አለው። ስድስተኛው እንደደረሰ መስመሩ ተቆረጠ። ጠጋኙ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ደቂቃዎች አለፉ። መስመሩ ተመለሰ፣ ሰባተኛው ቁጥር መጣ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ በጣቶቹ መሐል ግን ስምንተኛውን ይጠብቅ ነበር።